ብር የተቀበረበት ኩስኩስት፦ የታሪክና የእጅ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ነገር ብቻ ይዞ ከረመ፤ በመካከለኛው ዘመን በእስልምናው ዓለም ለባለጸጎች የተሠሩ፣ ብርና መዳብ የተቀበረባቸው የናስ ዕቃዎች። ጥቅምት ላይ ፎቶዎቹን ስንለጥፍ ልጆቹ የዙፋን ጌጥ መስሏቸው ነበር። ኩስኩስትና ሳፋ መሆናቸውን ሲሰሙ፣ «ለእጅ መታጠቢያ ይሄ ሁሉ?» ብለው ሳቁ። አዎ፣ ይሄ ሁሉ! እ.ኤ.አ. በ1232 ሹጃዕ ኢብን መንዓ የዛሬዋ ኢራቅ ውስጥ ባለችው ሞሱል ከተማ የሠራውና ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ኩስኩስት ከአንገቱ እስከ ሆዱ በአዳኞችና በሙዚቀኞች የተሞላ ነው።

ያከራከረን ግን እ.ኤ.አ. በ1163 ሄራት (የዛሬዋ አፍጋኒስታን) ላይ የተሠራው፣ አሁን ሩሲያ ሄርሚታዥ ሙዚየም የሚገኘው ባልዲ ነው። ከላይ ያሉት ፊደላቱ የሰው ጭንቅላት አላቸው። ጽሑፉ አሠሪውን፣ የዕቃውን ቅርጽ ያወጣውን ሙሐመድ ኢብን አብዱልዋሒድን፣ ያስጌጠውን መስዑድ ኢብን አሕመድን፣ በመጨረሻም ባለቤቱን ይጠራል። ባለቤቱ ሱልጣን አይደለም፤ ነጋዴ ነው። «ታዲያ ማርኩ ለማን ይሰጥ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ስብሰባ በላ።

በጀቱ የተለቀቀው መጋቢት ላይ ስለሆነ ከምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ናስ ገዛን፤ የመዳብ ሽቦውን ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ላጥን። በመሮ ቦይ አውጥተን ሽቦውን ብንቀጠቅጠውም ተፈናጥሮ ወጣ። አንዱ በሙጫ ሊያጣብቀው ሲል ያዝኩት። አባቷ ወርቅ ሠሪ የሆነ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት መላውን ያመጣችው፦ ሽቦውን በከሰል እሳት አግሎ ማለስለስ፣ የቦዩንም ጠርዝ ከሥር ወደ ውስጥ መፈልፈል። ያኔ መዳቡ ሲቀጠቀጥ ከጠርዙ ሥር ይገባና ይነክሳል። የጥንቶቹም ብሩን ያስያዙት እንዲሁ ነው፤ ሙጫ የለ፣ ብየዳ የለ። እኔ ራሴ ይህን ከመጽሐፍ ባነበውም እስከዚያ ቀን አልገባኝም ነበር።

ሰኔ ላይ ዐሥራ አንድ ዝርግ ናሶች ለእይታ ቀረቡ። ሦስቱ ቆንጆ ናቸው፤ የቀሩትን ወላጆች በደግነት አይተዋል። ከሁሉ በፊት ግን ሉቭር ሙዚየም ስላለው፣ ግብፅንና ሶርያን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ዘመን ስለተሠራው ሳፋ አውርተን ነበር፤ ሠሪው ሙሐመድ ኢብን አዝ-ዘይን ስሙን ስድስት ቦታ ጽፎበታል፣ አንዳንዱንም በተሣሉት ዕቃዎችና ዙፋኖች ላይ ሸሽጎ። ከልጆቻችን አንዱ ይህን ሰምቶ የራሱን ስም በመዳፍ በምታክል ናስ ላይ ሰባት ጊዜ ቀበረ። እኔ ያገኘሁት አምስቱን ነው።