ያላነበብሽውን አትፈርሚ

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ጊዮርጊስ ከመሳም አላስቀራትም። ልደውልልሽ እችል ነበር። በስልክ ሲሆን ግን "እሺ አባዬ" ትይኝና ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ስለዚህ ጻፍሁልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አጎትሽ እሑድ ዕለት ነገረኝ። አትቀየሚው፤ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያናገርሁት። በጥብቅና በያዝሽው በዚያ የውርስ ክርክር ባስገባሽው መልስ ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ መጥቀስሽን፣ ዳኛዋ የመዝገብ ቁጥሩን ብትፈልገው የችሎቱ ውሳኔዎች በታተሙበት በየትኛውም ቅጽ እንደታጣ፣ ለኅዳር 24 የውሳኔውን ግልባጭ ይዘሽ እንድትቀርቢ መታዘዝሽን፣ ቁጥሩን የሰጠሽም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት እንደሆነ። ከጽሑፉ ግርጌ ግን ያለው ያንቺ ስምና ፊርማ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ልጄ፣ ያላነበብሽውን አትፈርሚ።

የሰበር ውሳኔ ምን እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የበታቹን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል፤ በ1997 በአዋጅ ቁጥር 454 መጥቶ አሁን በ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1234 የቀጠለ ነው ብለሽ እዚሁ በረንዳችን ላይ አስረድተሽኛል። እንግዲያ ያልተሰጠ ውሳኔ መጥቀስ ፊደል እንደመግደፍ ያለ ነገር አይደለም። አምስት ዳኞች ያልተሰየሙበትን ችሎት ሰይመሽ፣ ያልፈረዱትን አስፈርደሽ፣ በዚያ ፍርድ የሰው ቤት ሊወሰድ ነበር።

ነገሩን ሳላየው እንዳልፈርድብሽ ብዬ በጎረቤታችን ልጅ ስልክ እኔም ሞከርሁት። ስለ ውርስ ማጣራት የተሰጠ የሰበር ውሳኔ አምጣ አስባልሁት። ወዲያው ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የተከራካሪዎቹን ስም ሳይቀር ዘረዘረው። አማርኛው ያምራል፤ "መሠረታዊ የሆነ የሕግ ስሕተት የተፈጸመበት ነው" ብሎ ልክ እንደ ችሎቱ ይዘጋል። ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ ጻፍሁት። ልጁ "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ሲጽፍለት ይቅርታ ጠየቀና ሌላ ቁጥር ሰጠ። እሱንም ከፊተኛው ሥር ጻፍሁት። ሲጠየቅ ጊዜ ሦስተኛ ጨመረ። መዳፌን አይቼ ደነገጥሁ። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ ስጽፍ ስንት ሐሰተኛ ምስክር አይቻለሁ፤ ሐሰተኛ ምስክር ሲያፋጥጡት ያልበዋል፣ ዓይኑን ይሰብራል። ይሄ አያልበውም። እንዲያውም የሚዋሽ አይመስለኝም፤ ከዚህ ቃል በኋላ የትኛው ቃል እንደሚመጣ አስልቶ ይደረድራል እንጂ እውነቱን ከሐሰቱ የሚለይበት ነገር የለውም። መለየት ያንቺ ፈንታ ነበር።

የተሳሳትሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ 2023 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ መንገደኛ አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ በከሰሰበት መዝገብ፣ ጠበቆቹ ቻትጂፒቲ የተባለው እንዲህ ያለ ማሽን የፈጠራቸውን ውሳኔዎች ጠቅሰው ገቡ። ፍርድ ቤቱ ውሳኔዎቹን አምጡ ሲላቸው ከዚያው ከማሽኑ ያገኙትን አቀረቡ። አንደኛው ጠበቃ እኮ ማሽኑን "ይህ ውሳኔ በእርግጥ አለ?" ብሎ ጠይቆት ነበር፤ አዎ አለው። ዳኛ ካስቴል 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ይኼን ልብ በይ፦ ዳኛው እንዲህ ባለ መሣሪያ መጠቀሙን በራሱ ጥፋት አላለውም። የከበደባቸው ከተጠየቁ በኋላ "ተሳስተናል" ማለት ሲገባቸው በያዙት መጽናታቸው ነው። ስለዚህ ኅዳር 24ን አትጠብቂ። ነገ ጠዋት፣ ቢሮ እንደገባሽ ቦርሳሽን ሳታስቀምጪ ለአለቃሽ ንገሪው። ከዚያ ለደንበኛሽ። ከዚያ ለችሎቱ በጽሑፍ፣ ሰበብ ሳታበዢ፣ "ውሳኔው የለም፤ ሳላጣራ ጠቅሻለሁ፤ ከመልሴ ይውጣልኝ" በዪ። ይቀጡሽ ይሆናል፤ ተቀጪ። ፈቃድሽን ቢያግዱት እንኳ ቤትሽ እዚህ ነው፣ አልጋሽም እንደተነጠፈ ነው።

ሌላም ያሳሰበኝ አለ። የደንበኛሽን የሕክምና ወረቀት፣ የልጆቹን ስም፣ የባንክ ደብተሩን ፎቶ አንስተሽ ለማሽኑ ስትሰጪ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ያለምክንያት አልወጣም። የጤና መረጃን ለይቶ ይጠብቃል፤ ወደ ውጭ አገር የሚተላለፈውንም በልክ ያስረዋል። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ምስጢሩን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ነበር የሚነግረኝ፤ ከእኔ አልፎ የሚሰማው ዛፉ ብቻ ነበር።

ሕጉ አርጅቷል፣ አልደረሰበትም ሲሉ እሰማለሁ። እኔ አይመስለኝም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም፣ አይባዛም ይላል። ያን ያረቀቁት ሰዎች ማሽን የሰውን ፊት እንደሚሠራ በሕልማቸውም አላዩም፤ ቃሉ ግን ይደርስበታል ባይ ነኝ። የማይደርስበትንም እያወጡለት ነው። አውሮፓውያን በፈረንጆቹ 2024 ባወጡት ሕግ፣ ዳኛን ፍሬ ነገርና ሕግ በመመርመር የሚያግዘውን ማሽን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ተርታ መድበውታል። በእኛም አገር በ2010 የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ወጥቷል። ፊርማው ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሄደ እንጂ ከፊርማው ኋላ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ አልቀረም። ያላነበብሽውን አትፈርሚ የምልሽ ለዚህ ነው።

አሁን ነግሬሽ የማላውቀውን ልንገርሽ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ፣ መብራት የጠፋ ማታ በሻማ የውል ሕግ ስታጠኚ አንቀጽ 1728ን ጮክ ብለሽ አነበብሽ። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ የፈረመው፣ በውል አዋዋይ፣ በሬጅስትራር ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም የሚለውን። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እናትሽ "ምን ሆነ?" ስትልሽ "እንጃ" ስትያት ሰማሁ። ዘይቱኑ ሥር ብዙ ቆሜአለሁ ያን ማታ።

አንቺ ሳትወለጂ ነው። አንዲት ሴት ከዘጌ መጣች፤ ባሏ ሞቶባታል። የባሏ ወንድም አብሯት አለ። የገበያ ቀን ስለነበር ባለጉዳዩ ተሰልፏል፤ እሱም ጀልባው ይሄድብናል እያለ ያጣድፈኛል። "እርቅ ነው፣ ተስማምተናል፣ እንዲህ ብለህ ጻፍ" አለኝ። ጻፍሁ። ከቡናው ያላትን ድርሻ በሙሉ ፈቃዷ ለሱ ለቃለች የሚል። አነበብሁላት? አዎ፣ አነበብሁላት። በአፍንጫዬ፣ ቶሎ ቶሎ። "ገባሽ?" አልኋትና መልሷን ሳልጠብቅ አውራ ጣቷን ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንሁት። ቡና በመልቀም ጣቷ ጠቁሮ ስለነበር አሻራው አልወጣ አለ፤ ሁለተኛ አስጫንኋት። የምትጠርግበት አጥታ በነጠላዋ ጥለት ጠረገችው። ሰማያዊው ቀለም ጥለቱ ላይ ሲቀር ዓይቻለሁ። ሦስት ብሬን ተቀብዬ የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠራሁ።

በዓመቱ ተመልሳ መጣች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። "ወንድሜ፣ ያን ቀን የጻፍኸው ምን ነበር?" አለችኝ። በሬ በማይጠመድባት ዘጌ ቡና ማለት እህልም ልብስም ነው። ሽማግሌዎቹ "ወረቀት ነው፣ ጣትሽ አለበት" ብለው አሰናብተዋታል። እኔም ወረቀቱ አያስገድድሽም ልላት አልቻልሁም፤ አላውቅማ! የማመልከቻውን አጻጻፍ እንጂ ሕጉን መቼ አነበብሁት። ወንበር እንኳ አልሰጠኋትም። ቆማ ሰምታኝ፣ ቆማ ሄደች። የጻፍሁት አማርኛ ግን ያማረ ነበር፤ እስከ ዛሬ በቃሌ አለ።

አጎትሽ ማክሰኞ ሲመለስ ሽሮና ቅቤ ይዞልሽ ይመጣል። ቅቤው ተነጥሯል፤ ጠርሙሱን ግን ፀሐይ አጠገብ አታስቀምጪው። ደረቅ እንጀራውን ለብቻሽ አትጨርሺው፣ አብራሽ ለምትኖረው ልጅም አካፍያት። ማታ ማታ ሳትበዪ አትተኚ። አንድ ወፍራም ደብተር ግዢ፤ የምትጠቅሽውን እያንዳንዱን ውሳኔ ከቅጹ ላይ በዓይንሽ አይተሽ፣ ቁጥሩንና ገጹን በእጅሽ ጻፊበት። ማሽኑን ተጠቀሚ፣ አልከለክልሽም፤ ታይፕ ሲመጣም በእጃቸው የሚጽፉ ሽማግሌዎች ዳር ዳር እያሉ እንጀራቸውን አጥተዋል። ግን ያላነበብሽውን አትፈርሚ። አለቃሽ ቢያጣድፍሽ፣ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ቢቀረው፣ ያላነበብሽውን አትፈርሚ።

ሴትዮዋ ካረፈች ቆይቷል። ልጅ እንዳላት ግን ወደብ ላይ ቡና የሚያወርድ ሰው ነግሮኛል፤ እዚያው ዘጌ ናት። ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ እሄዳለሁ። እናትሽ ነፋስ አለው ብላ ከልክላኛለች፣ እኔ ግን ቆርጫለሁ። ባዶ እጄን ይቅርታ ልጠይቅ አልፈልግም። እና ልጄ፣ አባትሽ እንደ ባለጉዳይ ልጠይቅሽ፦ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ልጅቱ ያን ወረቀት ልትቃወም ትችላለች ወይስ የክሱ ጊዜ አልፎ ይርጋው አግዷታል? የ1728ንም ገጽ ፎቶ አንስተሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ፤ ከመጽሐፍሽ ላይ ይሁን።

አባትሽ