የሒሳብና ኢኮኖሚክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አዲስ ጌም ውድ ነው ወይስ ርካሽ?

ክበባችን ዘንድሮ የመረጠው ጥያቄ አዲስ የቪዲዮ ጌም ከሌሎች መዝናኛዎች አንጻር ተገቢ ዋጋ አለው ወይ የሚል ሲሆን፣ «ተማሪን ወደ ጌም ቤት የሚመራ ክበብ» ያሉን ባልደረቦችም አልጠፉም። ተማሪዎቻችን የጌም ቤቱን መንገድ ቀድመውም ያውቁት ነበር፤ እኛ የጨመርንላቸው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ገበያ የትልልቅ ጌሞች ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ 60 ዶላር ላይ ቆይቶ በ2020 ወደ 70፣ በ2025 ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ ወደ 80 ከፍ ብሏል። የዋጋ ንረቱ ሲሰላ የ2005ቱ 60 ዶላር በመግዛት አቅሙ ከዛሬው 80 ዶላር እንደሚበልጥ የደረሱበት ልጆች «እንግዲያው ረክሷል!» ብለው ነበር። በብር ሲመነዘር ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ ተመን 4,000 ብር ገደማ የነበረው 70 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ7,000 ብር አልፏል።

የሐሙስ ስብሰባዎች፣ የኮሚቴ ምርጫውና የግድግዳ ጋዜጣው እንደተለመደው ተካሂደዋል።

መጋቢት ላይ ለንጽጽር እንዲሆነን በጀልባ ወደ ዘጌ ተጓዝን። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ስንመለስ፣ በክፍል ውስጥ ድምጿ እምብዛም የማይሰማ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የጣናው ፍንጣቂ ጠርዙን ያራሰውን ደብተር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ባለጀልባውን «ጋሼ፣ ሰው ሲያንስ ነዳጁም ያንሳል?» አለችው። «ለአንድም ለአሥርም ያው ነው፣ ልጄ» አላት። ጥቂት ጽፋ ወደ እኔ ዞረችና «ቲቸር፣ ጌምም እንደዚሁ ነው እኮ። ብቻውን ለሚከፍል ውድ ነው፤ ጌም ቤቱ ግን የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አንድ ዲስክ ላይ አሳፍሯል» አለችኝ።

መንፈቁን ሙሉ ዋጋን ለሰዓት ስናካፍል ነበር፤ 70 ዶላር ለ35 ሰዓት፣ በሰዓት 2 ዶላር እያልን። ለሰው ማካፈልን ያመጣችው እሷ ናት። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያች ደቂቃ ያስደሰተኝ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ በአንድ ጌም ቤት ሒሳቡን ፈተሽነው። በየጨዋታው የሚከፈለው ሳንቲም ሲጠራቀም ዲስኩን ብቻ ሳይሆን፣ ጎማቸው በልጆች አውራ ጣት ተልጦ ያለቀውን ጆይስቲኮችም መተካት አለበት። በኢንተርኔት የሚወርደው ጌም በአንጻሩ ከገዢው አካውንት ጋር ስለሚታሰር እንደ ዲስኩ አይዋስም፣ ተመልሶም አይሸጥም፤ ሆኖም በወጣበት ሰሞን ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከዲስኩ እኩል ነው። በእኔ ግምት ለእኛ ከተማ ዲስኩ ዋጋውን ያወጣል፣ የሚወርደው ግን አያወጣም።

ፈተና በመድረሱ ከመጠይቆቻችን ገሚሱ ሳይሰበሰቡ ቀርተዋል። ስሌቱም የተሠራው በተማሪዎች ስልክ ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ የት እንዳለ የሚያውቅ ቢጠቁመን ደስ ይለናል። የጀልባው ኪራይ በመዋጮ ስለተሸፈነ መክፈል ያልቻሉ አባላት ከወደቡ ተመልሰዋል። በመጪው ዓመት የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የሚታይባቸውን ዲኤስቲቪ ቤቶች በዚሁ ስሌት ልንመዝን አስበናል፤ የወላጅና መምህራን ኅብረት ቢያንስ የመግቢያውንና የጉዞውን ወጪ እንዲሸፍንልን እንጠይቃለን።