በአንተ ድምፅ የሰማሁት አዋጅ

ይድረስ ለወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ አደጉልህ? ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። አፍሬ ነው። ስትደውል መጀመሪያ «ሥራ እንዴት ነው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። አንተን መዋሸት ደግሞ አልችልበትም።

መቀጠሬን የነገርኩህ ዕለት በስልክ የጮህከው ትዝ ይለኛል። ለአካል ጉዳተኛ፣ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ፣ ቅድሚያ ይሰጠዋል የሚለው ሕግ ሠራልኝ ብዬህ ነበር። አዋጅ ቁጥር 568/2000። ስድስት ኪሎ፣ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ጎኔ ቁጭ ብለህ ለእኔ ለዓይነ ስውሩ ያነበብክልኝ ነው። የወጣበትን ዓመት ስታይ «ሚሊኒየሙ ለካ ለእናንተም አንድ ነገር ይዞ ነበር» ብለህ ቀለድክ። የቀዳሁት ድምፅህ አሁንም አለኝ። «ተመጣጣኝ ማመቻቸት»፣ ማለትም ሥራውን ለአካል ጉዳተኛው እንዲመች ማድረግ፣ የሚለው ጋ ስትደርስ የሳልከው ሳል ሳይቀር።

አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የገባሁት። መስኮት አጠገብ ጥሩ ወንበር ሰጡኝ። ሥራ ግን አልሰጡኝም። ደመወዙ ዝንፍ አይልም። «አንተ አረፍ በል፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ይሉኛል። ሻይ ይጋብዙኛል። እኔ የሰው ኪቦርድ ሲንኳኳ ስሰማ እውላለሁ። ማን በሁለት ጣት እንደሚጽፍ፣ ማን ፌስቡክ ላይ እንደተጣደ በድምፁ ለይቼ አውቃለሁ። ሪፖርት ላይ «የተቀጠሩ አካል ጉዳተኞች» የሚል ሳጥን አለ፤ እኔ እዚያ ውስጥ አለሁ። ሥራስ ተሰጣቸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሳጥን የለም።

ሰዎቹ ክፉ እንዳይመስሉህ። ጣጣው ወረቀቱ ነው። ደብዳቤ ኮምፒውተር ላይ ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ ይላክልኛል። ስካን የተደረገ ወረቀት ለኮምፒውተሬ ፎቶ ነው። ማዳመጫዬን አድርጌ እከፍታለሁ፣ ባዶ ነው ይለኛል። ሦስት ገጽ መመሪያ፣ ባዶ!

አዋጁ አሠሪው ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል። ጠየቅኩ፣ በጀት የለም ተባልኩ። ብከስ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም እኔ ላይ እንደማይወድቅ አንተም ታውቃለህ፤ ሕጉ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ግን በየቀኑ ሻይ የሚጋብዝህን ሰው እንዴት ብለህ ትከሳለህ?

ባለፈው ወር መዝገብ ቤት አንዲት አዲስ ልጅ ተመደበች። «ከመታተሙ በፊት ያለውን ዎርዱን ብሰጥህስ?» አለችኝ። በፍላሽ ይዛልኝ መጣች። በቃ ይኸው ነው። አምስት ሳንቲም አልወጣበትም። የኮምፒውተሬ አንባቢ አማርኛውን እንደ ፈረንጅ ይሰባብረዋል እንጂ ያነባል። ካንተ በኋላ ያገኘሁት አንባቢ እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ አያስልም።

እናም የመጀመሪያ ፋይሌን ያዝኩ። የአንድ ሠራተኛ የደረጃ ዕድገት ቅሬታ ነው። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አስተያየቴን ጽፌ ለኃላፊያችን ላክሁ። ከሰዓት በኋላ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ይሄ ምንድን ነው? ሁለተኛው ነጥብህ ውሃ አይቋጥርም። እስከ ነገ አስተካክልና አምጣ» ብሎኝ ሄደ። ቢሮው ጭጭ አለ። የኪቦርድ ድምፅ እንኳ ቆመ። አዘኑልኝ መሰለኝ። እኔ ግን በሆዴ እየሳቅሁ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የተቆጣኝ ሰው አልነበረማ!

ነጥቡን አስተካከልኩት። እውነትም ደካማ ነበር።

በል እንግዲህ፣ አዲስ አበባ ስትመጣ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግራችን እንሂድ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ በትሬ እንደ ድሮው አይጋጭም። የፒያሳዋ ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ግን የለችም። እኔ በጥብስ ሽታዋ ነበር የማውቃት፤ አሁን የት ጋ እንደነበረች አንተ ታሳየኛለህ።

ያንተው