ዊንዶውስ 11 ከማስጫናችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ዊንዶውስ 10 «አበቃለት» ከተባለ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ቶሎ ብለህ 11 አስጭን ይለኛል። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለ10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ማቆሙ እውነት ነው። ኮምፒውተሩ ግን በማግስቱም ይከፈታል። የቆመው የደህንነት ቀዳዳዎችን የሚደፍነው አፕዴት ነው።

መደንገጥን በደንብ አውቀዋለሁ። ጥር 2012 ላይ ዊንዶውስ 7 ሲያበቃ ደንግጬ የቤታችንን ኮምፒውተር በባጃጅ ጭኜ መርካቶ አንድ ሱቅ ወሰድኩት (የጅማውን መርካቶ ነው የምላችሁ)። የሱቁ ልጅ ዲ በሚባለው የዲስክ ክፍል ላይ ያለው አይነካም አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ አልተነካም። ፎቶዎቼ ግን ዴስክቶፕ ላይ ነበሩ፤ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጡት ነገር ዊንዶውስ ሲጫን የሚጠረገው ሲ ውስጥ እንደሆነ እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም። ፎርማት ተደርጎ ሲመለስ የልጄ የኬጂ ምረቃ ከነጋወኗ የለም። ዛሬ ሰባተኛ ክፍል ናት፣ አሁንም ታነሳብኛለች።

ኮምፒውተሩ ያው ነው። ዘንድሮ ግን ሱቅ ከመሮጤ በፊት ቁጥሮቹን አየሁ። 11 የሚጠይቀው ራም 4 ጊጋ ነው፣ የኛ 8 አለው። ዲስክ 64 ጊጋ ይበቃዋል፣ የኛ 500 ነው። አለፍኩ ብዬ ስደሰት ፕሮሰሰሩ ላይ ወደቅኩ። ኮር አይ 5 ሆኖ አጠገቡ 6500 ይላል፤ የመጀመሪያዋ 6 ስድስተኛ ጀነሬሽን ማለት ናት፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ የሚቀበሉት በአብዛኛው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠየቃል። የራም እጥፍ ይዤ መውደቄ አሁንም ያናድደኛል።

ሱቅ ብትሄዱ «ባይፓስ አድርጌ (መስፈርቱን ዘልዬ ማለቱ ነው) እጭንልሃለሁ» የሚል አይጠፋም። ይጫናልም። ግን ማይክሮሶፍት ራሱ ለእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አልሰጥም ብሏል። ታዲያ አፕዴት ቀረብኝ ብዬ ከ10 ወጥቼ አፕዴቱ ያልተረጋገጠ 11 ውስጥ ልገባ ነው? አፕዴት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ፋይል ሳይቀር ሲቆልፍ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ መንገድ አለ፣ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለእሱ ስል ነው። ለቤት ተጠቃሚ የደህንነት አፕዴቱን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያስቀጥል ምዝገባ አለ። ዋጋው 30 ዶላር ነው፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ካደረጋችሁ ግን ክፍያ አይጠየቅም። ዊንዶውስ 10ሩ 22ኤች2 የሚባለው የመጨረሻ እትሙ መሆን አለበት። እኔ ሴቲንግ ውስጥ፣ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ጋ ነው ያገኘሁት። ምዝገባው ራሱ ደቂቃዎች ነው፣ የረሳሁትን ፓስዎርድ ስፈልግ ነው አንድ ማታ ያለፈው።

ኮምፒውተሩ 11ን የሚችልለት ሰው ይቀይር፣ ምን አገባኝ። የሚወርደው የ11 ፋይል ግን ከ5 ጊጋ በላይ ነው፣ በሞባይል ዳታ ከሆነ አስቡበት። የኛ የጅማ ዝናብ ሲያጉረመርምም አትጀምሩት፤ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ ዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ከሌለው መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ጉድ ነው የሚሆነው። ፎቶዎቻችሁን ደግሞ ቀድማችሁ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ ገልብጣችሁም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ እዩአቸው።

ጥቅምት 2019 ሲደርስ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊኑክስ ሚንት ልሞክር አስቤያለሁ። ነፃ ነው፣ የኛን ዓይነት አሮጌ ማሽንም አይንቅም። አንድ ነገር ግን ይዞኛል፦ ባለቤቴ አስተማሪ ናት፣ የስንት ዓመት ፈተና የጻፈችው በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ ነው፣ ፎንቱ ከሌለ ደግሞ ፊደሉ ሁሉ የፈረንጅ ምልክት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሊኑክስ ላይ አስተካክሎ የከፈተው አንባቢ ካላችሁ እባካችሁ በዚሁ አምድ ይጻፍልኝ። እስከዚያው ማሽኑ አጠገብ እንዳልደርስ ተነግሮኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ