ለደንበኞቻችን፦ ጥቅላችሁ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርገን የማንጽፈው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ ስለመጣብን ነው። «ለጉምሩክ የሚቀርበው ወረቀት ላይ ዋጋውን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ፤ ስጦታ ነው በሉት» ይሉናል። በስልክም ይመጣል፣ በጽሑፍም ይመጣል፣ አንዳንዴ በልመናም ይመጣል። መልሳችን አይሆንም ነው። ደረቅ «አይሆንም» ግን ያስቀይማል፤ ምክንያቱን እናስረዳ።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ሥራ በጀመርን ሰሞን አንድ ደንበኛችን የቆዩ የብር ሳንቲሞች ገዙ። ቀረጥ እንዳይበዛባቸው ለመኑን፣ እኛም እሺ ብለን የዋጋውን ሩብ ጻፍን። ጥቅሉ ድንበር ተሻግሮ ጠፋ። ኢንሹራንሱ ካሳ ሲያሰላ ያየው እኛ የጻፍነውን ቁጥር ነው፤ ሩቡን ከፈለና ፋይሉን ዘጋ። ሦስቱን ሩብ እኛና ደንበኛው ተካፍለን ዋጥነው። ማንን እንውቀስ? ቁጥሩ የገዛ እጃችን ጽሑፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኢንቮይሱ፣ የጉምሩክ መግለጫውና ኢንሹራንሱ ላይ የሚሰፍረው ዋጋ አንድ ነው። ጉምሩክ ሠራተኛው ጥቅሉን ከፍቶ ወረቀቶቹ እንደማይስማሙ ካየ ዕቃው ይያዛል፣ ቅጣት ይመጣል፣ አንዳንዴም ይወረሳል። ለተወረሰ ዕቃ ደግሞ አብዛኛው ኢንሹራንስ አይከፍልም። «ስጦታ» የሚለውም ቃል ያው ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ዕቃ ስጦታ አይባልም።

ደግሞ ዘዴው ድሮ የነበረውን ያህል እንኳ አያዋጣም። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች ለሆኑ ዕቃዎች ይሰጥ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ አስቀርቷል። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ታሳልፍበት የነበረውን አሠራር እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ አቁማለች። ትንሽ ቁጥር ጽፎ ሹልክ ማለት የሚቻልበት በር እየጠበበ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ኢንሹራንስ ነው። «ቢጠፋ አጓጓዡ አይከፍልም ወይ?» ይከፍላል፤ ግን በኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ለአየር ጭነት የካሳ ጣሪያ ያስቀምጣል። ላኪው አስቀድሞ ልዩ ዋጋ ካላስመዘገበ ጣሪያው አሁን በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። የከሰል ጆንያ ለሚልክ ሰው ይህ ደህና ገንዘብ ነው። ቴምብርና ሳንቲም ለሚሰበስብ ሰው ግን ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 የታተመችው የብሪቲሽ ጉያና ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር 0.04 ግራም ትመዝናለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በጨረታ 8.3 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። በኪሎ ብታሰሏት ካሳዋ አንድ የአሜሪካ ሳንቲም አይሞላም። ካሳው ከቴምብሯ ይልቅ ለታሸገችበት ካርቶን ይበዛል ማለት ነው።

ስለዚህ ውድ ዕቃ ላይ ኢንሹራንሱ ከመላኪያው ቢበልጥ አትደንግጡ። እ.ኤ.አ. በ1958 ጌጥ ነጋዴው ሃሪ ዊንስተን ሆፕ የተባለውን ሰማያዊ አልማዝ ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን ሙዚየም የላኩት በፖስታ ቤት፣ በአደራ ደብዳቤ ነበር። የከፈሉት 145.29 ዶላር ነው። ከዚያ ውስጥ ለመላኪያው የሄደው 2.44 ብቻ ነው፤ ቀሪው 142.85 ለኢንሹራንስ ነው። ያውም ድንበር ሳይሻገር።

ሳንቲም፣ የብር ኖት፣ ወርቅና ብር የምትልኩ ደግሞ ይህን ያዙልን። የዓለም የፖስታ ኅብረት ስምምነት እነዚህን ኢንሹራንስ በሌለው ደብዳቤ ውስጥ ማስገባትን ይከለክላል። «በተራ ፖስታ ላኩልኝ፣ ይረክሳል» ስትሉን የማንሰማችሁ ለዚህ ነው። የዝሆን ጥርስ ወይም የኤሊ ቅርፊት ያለበት ዕቃ ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁን። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሳይቴስ የተባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚመለከተው ስምምነት እነዚህን ይቆጣጠራል፤ ፈቃድ ከሌለው አንነካውም።

መከታተያ ቁጥሩስ? የፖስታ ቤቶቹ ቁጥር 13 ምልክት አለው፦ መጀመሪያ ሁለት ፊደል፣ ቀጥሎ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻ የላኪውን አገር የሚያሳዩ ሁለት ፊደሎች። ከዘጠኙ አሃዞች የመጨረሻው ከፊቱ ካሉት ስምንቱ ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። አንድ አሃዝ ብትሳሳቱ ቁጥሩ አልሰራም የሚላችሁ እሱ ስለማይገጥም ነው። እባካችሁ በእጅ ከመጻፍ ገልብጣችሁ ለጥፉ። በነገራችን ላይ ግማሹ የ«ጥቅሌ ጠፋ» ስልክ የሚያበቃው እዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ ዝምታው ነው። «ከላኪ አገር ወጥቷል» ይላል፣ ከዚያ ለቀናት ጭጭ። በዚያ ጊዜ ጥቅላችሁ ከሌሎች ጋር በታሸገ ከረጢት ውስጥ ነው። በየጣቢያው የሚነበበው የከረጢቱ ቁጥር እንጂ የእናንተ አይደለም። ከረጢቱ ደርሶ ሲከፈት፣ ጉምሩክም ሲያየው፣ እንደገና ብቅ ይላል። ዝምታው በራሱ የመጥፋት ምልክት አይደለም። መከታተያም ኢንሹራንስ አይደለም፤ ዕቃው የት እንደጠፋ ይነግራችኋል እንጂ ሳንቲም አይከፍላችሁም።

ማሸጉን ለእኛ ተዉት፤ አንድ ነገር ብቻ እናሳያችሁ። ካርቶኑን ከዘጋን በኋላ ጆሯችን አጠገብ አድርገን እንነቀንቀዋለን። ኳ ካለ ይከፈታል፣ እንደገና ይታሸጋል። ሳንቲም ከሳንቲም ጋር አንድ ጊዜ ተጋጭቶ ጠርዙ ከተጫረ ዋጋው ወረደ ማለት ነው። ኢንሹራንሱም «በደንብ አልታሸገም» ብሎ ይመልሳችኋል። ይህንንም በራሳችን ላይ ደርሶ ነው ያወቅነው።

ጥቅሉን ስትቀበሉ ካርቶኑን ከመክፈታችሁ በፊት በስድስቱም ጎን ፎቶ አንሱት። ከቻላችሁ ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ። ጉዳት ካለ ካርቶኑንም፣ ስኮቹንም፣ ውስጥ የነበረውን ወረቀትም አትጣሉ፤ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ሊያያቸው ይፈልጋል። የፈረማችሁበት ወረቀት ላይ «ተጎድቶ ደርሷል» ብላችሁ ጻፉ፣ ለእኛም ያንኑ ቀን አሳውቁን። በአየር ጭነት ለመጣ የተጎዳ ዕቃ በሞንትሪያል ስምምነት ቅሬታ የሚቀርበው ዕቃው በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ነው። በፖስታ ቤት ለተላከና ላልደረሰ ዕቃ ከተላከ እስከ ስድስት ወር ማመልከት ይቻላል፤ እኛ ግን ያን ያህል አንጠብቅም።

ጥያቄ ያለው በትዕዛዝ ቁጥሩ ይጻፍልን። ዋጋ ስለማስቀነስ የተጻፈውን ግን ይህን ደብዳቤ አያይዘን እንመልሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የማሸጊያና የመላኪያ ክፍሉ ሠራተኞች