እማዬ፣ የቀበሌ ቤቱን ማመልከቻ አስገቢ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንደምትዪ አውቃለሁ። ይህን ነገር በስልክ ባነሳሁት ቁጥር «ተይው እስቲ፣ የልጆቹን ነገር ንገሪኝ» እያልሽ ወሬ ታስቀይሪኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። የአክስቴ ልጅ ቁጭ ብላ ታነብልሻለች። አደራ፣ እስክትጨርስ ድረስ አታቋርጫት።

አከራይሽ ዘንድሮም እንደጨመረችብሽ የሰማሁት ከአክስቴ ነው። ለምን ደበቅሽኝ ብዬ አልቆጣም። እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው። ግን እማዬ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ሊቀጥል አይችልም። ለቀበሌ ቤት ማመልከቻ አስገቢ። የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው።

«ከእኔ የባሰ ሞልቶ፣ ጡረታ እየበላሁ የደሀ ቤት አልሻማም» ትያለሽ። የባሰው ማን እንደሆነ የሚለየው ኮሚቴው ነው፣ የተቀመጠው ለዚያ ነው። ያንቺ ድርሻ ኑሮሽን እንዳለ ጽፎ መስጠት ብቻ ነው። ከጡረታሽ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለአንዲት ክፍል ኪራይ ይሄዳል። ከቀረው ላይ የግፊት መድኃኒት አለ፣ ታክሲ አለ፣ ውኃ ሲጠፋ በጀሪካን የምታስመጪበት አለ። ለሆድሽ የሚተርፈው ከዚያ ወዲያ ነው። እስቲ ይህንኑ የሌላ ሴት ታሪክ ነው ብለው ያንብቡልሽ። «ኧረ ይቺ ምስኪን እንዴት ትኖራለች» ብለሽ መጀመሪያ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ። እኔ የምልክልሽን ደግሞ አትቁጠሪው። እሱ አንድ ወር ይኖራል፣ አንድ ወር ይጠፋል፣ እኔም ተከራይ ነኝ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ስትወለጂ እዚያው ጎንደር፣ ጃንተከል አጠገብ ነበርሽ። ኪራይ ሲጨምር ወደ ሳሙና በር ወጣሽ። እንደገና ሲጨምር አዘዞ ደረስሽ። ከዚያ ወዲያ የት ልትሄጂ ነው? እድርሽ እኮ አሁንም አራዳ ነው። ጉልበትሽን እያመመሽ፣ ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር ታክሲ ጠብቀሽ፣ ከዚያ ደግሞ ባጃጅ ይዘሽ ለቅሶ ትደርሻለሽ። ካልሄድሽ «የት ጠፋች» ይሉሻል፣ ከሄድሽ ሁለት ቀን ትተኛለሽ። አንድ አረጋዊ ሰው ሰፈሩን ሲያጣ የሚያጣው ግድግዳ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ቡና የሚጠራሽ ጎረቤት፣ በሌሊት ብታመሚ ደጅሽን የሚያንኳኳ ሰው፣ ቅዳሴ አስቀድሰሽ ስትመለሺ መንገድ ላይ የሚስምሽ ሁሉ አብሮ ይቀራል። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ነይ ማለቱን የተውኩት። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥተሽ በመስኮት መንገድ ስታዪ እንድትውይ አልፈልግም። ያንቺ አገር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ነው፣ እዚያው በክብር ኑሪ።

ክብር ካልን ደግሞ አያቴን አስታውሺ። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ኪራይ እንደተቀነሰላት ስንት ጊዜ ነግራናለች። አዋጁ ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው እስከ ግማሽ ድረስ ነበር የቀነሰው። ወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ስር ገቡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የቀበሌ ቤት የሚባለው የመጣው ከዚያ ነው። ለፍተው የሠሩትን ቤት የተነጠቁ ሰዎችም ነበሩ፣ የእነሱ እንባ እንባ አይደለም አልልም። ግን አያቴን ያንን ሁሉ ዘመን «ውጪ» ያላት ሰው አልነበረም። የኪራይ ደረሰኞቿን ትዝ ይሉሻል? ሽቦ ላይ ሰክታ ከአልጋዋ ራስጌ ምስማር ላይ ታንጠለጥላቸው ነበር። የወሩን ከፍላ ስትመጣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወረቀቱን በሽቦው ጫፍ በስታ ቁልቁል ትገፋዋለች። ከታች ያሉት ቢጫ ሆነው፣ ጠርዛቸው በጢስ ጠቁሮ ነበር። እኔ ልነካካቸው ስል «ተይ፣ ቤቴ እሱ ነው» ትለኝ ነበር። ያ ቤት የደሀ ቤት ነው ብሎ ያፈረባት ሰው አለ? ማኅበር አውጥታበታለች፣ አንቺን ድራበታለች፣ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው።

እሷ ስታርፍ ቤቱ ለቀበሌው የተመለሰው አንቺ በአባቴ ቤት ተመዝግበሽ ስለነበር ነው። ያኔም «ሰው ምን ይለኛል» ብለሽ አንድ ቃል ሳትናገሪ ቁልፉን አስረከብሽ። ስላለፈው አልወቅስሽም። የአሁኑ ግን በዝምታ አይለፍ።

አሁን ወደ ሥራው። የሚጠየቀው ወረቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ብቻዋን ሄዳ ትጠይቅና በወረቀት ጽፋ ትምጣ። አንቺን ለጥያቄ ብቻ አታመላልስሽ። ባይጠየቅም ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ የማይከፋው ይሄ ነው፤ የታደሰ መታወቂያሽ፣ የጡረታሽን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የአባቴ የሞት የምስክር ወረቀት፣ በስምሽ ቤትም ቦታም እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ፣ የጉልበትሽና የግፊትሽ የሐኪም ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ። ሁሉም ፎቶ ኮፒ ይደረግ። ዋናውን ከእጅሽ አታውጪ፣ አሳይተሽ መልሺው። የሐኪም ወረቀቱን «ምን ያደርጋል» ብለሽ እንዳትተዪው፣ ደረጃ መውጣት የማትችል ሰው መሆንሽን በአፍ ከመናገር በወረቀት ማሳየት ይሻላል።

የቤተሰብ ቅጹን ደግሞ በደንብ እዪው። አብራሽ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ እዚያ ላይ መጻፍ አለባት። በአያቴ ጊዜ የጎዳን ይሄው ነው።

ማመልከቻው ሲገባ መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግና ቀንና ቁጥር ይጻፍበት። በቅጂው ላይም ማኅተም አስመቺ። «እሺ፣ እናያለን፣ ሂጂ» ቢሉሽ ቁጥሩን ሳትይዢ አትውጪ። አንድ ዓመት ቆይተሽ ስትመለሺ ያቺ ቁጥር ናት የምትናገርልሽ። ሠራተኛ ይቀየራል፣ ፋይል ይጠፋል፣ ቢሮ ይዛወራል። ቁጥር የያዘ ሰው ግን «መቼ አመለከትሽ» ሲባል አፉን አይዝም። ተራ የሚያሳይ ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ከለጠፉ ልጅቷ ፎቶ ታንሳው። ከአንቺ በኋላ ያመለከተ ሰው ቀድሞሽ ቢገባና ምክንያቱን ብታጪለት፣ ቅሬታ ሰሚ አለ፣ በጽሑፍ ይቀርባል። መጣላት አያስፈልግም። ያንቺ ተራ የት እንደደረሰ መጠየቅ መብትሽ ነው።

መብት ስልሽ ዝም ብዬ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ለመርዳት እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። አንቀጽ 90 ላይ ደግሞ ከትምህርትና ከጤና ጋር የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ተጽፏል። አቅም በፈቀደ መጠን የምትለዋ ብዙ ሰው አስጠብቃለች፣ እሱን አልክድሽም። ስሙ መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ግን አቅሙ ሲገኝም አይታወስም። አርባ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤት ክፍል ስትጠርጊ ኖረሽ፣ ከደመወዝሽ ግብርና ጡረታ ሲቆረጥ ኖሮ፣ ዛሬ አንዲት ክፍል መጠየቅ ልመና ሊባል ነው? በፍጹም።

ኮንዶሚኒየም ይሻል ይሆን ያልሽው ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮንዶሚኒየም ግን የሚገዛ ቤት ነው። ቅድሚያ ክፍያ አለው፣ ቀሪው የባንክ ብድር ነው፣ እሱም ለዓመታት በየወሩ ይከፈላል። እዚህ አዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80፣ 40/60 ተብሎ ስንት ሰው ንግድ ባንክ ተሰልፎ ተመዘገበ፣ ዛሬም እየቆጠበ ዕጣ የሚጠብቅ ሞልቷል። በአንቺ ዕድሜ ብድር ውስጥ አላስገባሽም። የቤት ማኅበር የሚሉትም ያው ነው። መሬት ቢገኝ እንኳ ብሎኬቱንና ብረቱን ማን ይገዛዋል? ላንቺ የሚሆንሽ በጡረታሽ የምትከፍዪው፣ ማንም በየዓመቱ ተነስቶ የማይጨምርብሽ የኪራይ ቤት ነው።

እስከዚያው ድረስ ስለ አከራይሽ። ሴትዮዋን አልጠላትም፣ እሷም ልጆች አሏት፣ ኑሮው እሷንም ይዟታል። ማራኪ በሚባለው ሰፈር የዩኒቨርሲቲው ተማሪና ሠራተኛ ኪራዩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ከየቦታው ተፈናቅሎ የመጣው ወገናችንም መጠለያ ይፈልጋል፣ ቤት ያለው ሰው ያንን እያየ ይጨምራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣ የኪራይ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 1320። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። እኔ አዲስ አበባ የምኖረው በዚህ ውል ነው፣ ከገባሁ ወዲህ እንቅልፌን እተኛለሁ። በክልል ግን አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ አከራይሽ ጋ ሄደሽ «አዋጅ አለ» እንዳትያት። የአክስቴ ልጅ ቀበሌ ስትሄድ በዚያው የከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ጋ ትጠይቅልሽ። አንቺ ለጊዜው የምታደርጊው ከአከራይሽ ጋር የተስማማችሁትን በወረቀት ማድረግ ነው። ደብተር ላይም ቢሆን፣ ወሩና ብሩ ተጽፎ ትፈርምልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ ልንገርሽ። «የቀበሌ ቤት አስገኝልሻለሁ፣ ይህን ያህል ብር አምጪ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የሰፈር ሰው ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን፣ እሺ እንዳትዪ። የቀበሌ ቤት አይሸጥም፣ ተከራዩ ለሌላ አያከራየውም። «የቁልፍ» ብለሽ ብር ከፍለሽ ብትገቢ ነገ ስትባረሪ ብሩንም ቤቱንም ታጫለሽ፣ የት ሄደሽ ትከሻለሽ? ሳንቲም የሚከፈለው ደረሰኝ ለሚቆረጥበት ብቻ ነው።

ቀኑ ደርሶ «ቤት ተገኝቷል» ሲሉሽ በደስታ ዘለሽ አትፈርሚ። መጀመሪያ ይታይ። አብዛኛው የጭቃ ቤት ነው፣ ዘመን የቆጠረ። ቆርቆሮው ያፈሳል ወይ? ግድግዳው ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በስብሷል ወይ? እዚያ ላይ በእጅሽ ጫን ብለሽ እዪው፣ ጭቃው እየተፈረፈረ ከወረደ እንጨቱ አልቋል ማለት ነው። መጸዳጃው የጋራ ከሆነ ስንት ቤተሰብ ይጠቀምበታል፣ በሌሊት ለመሄድ ስንት ደረጃ አለው? ውኃ ቆጣሪው በማን ስም ነው፣ መብራቱስ? ያየሽው ጉድለት በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፍ። እድሳት ካስፈለገ ሳታስፈቅጂ አንድ ምስማር አትምቺ። በየክረምቱ በበጎ ፈቃድ የአረጋውያን ቤት ይታደስ የለ? በዚያ በኩልም ይጠየቃል። የእድሳቱን ገንዘብ እኔና ባለቤቴ ተነጋግረንበታል፣ እሱ አያሳስብሽ።

ላይሰጡሽም ይችላሉ። ወይ ዓመታት ሊያስጠብቁሽ ይችላሉ። ይህን የምጽፍልሽ ነገ ቁልፍ ይሰጡሻል ብዬ አይደለም። ተስፋሽን ሁሉ እዚያ ላይ አትጣይው። እኔም በጎን ወደ አራዳ ጠጋ ያለ፣ ደረጃ የሌለው አንድ ክፍል እያስፈለግሁ ነው፣ ከተገኘ ልዩነቱን እኔ እሸፍናለሁ። ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂድ።

ማመልከቻውን ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። የጡረታ መጠንሽን ባዶ የተውኩበት ቦታ ላይ ትሙላውና አንቺ ፈርሚ። ያልወደድሽው ቃል ካለ ይውጣ፣ «ምስኪን» የሚል አላስገባሁም። ገቢ ሲደረግ ቁጥሩን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። መድኃኒቱን ለመቆጠብ ብለሽ አንድ ቀን እያለፍሽ እንደምትወስጂም ሰምቻለሁ፣ እሱን ዛሬውኑ ተዪው፣ የወሩን ለብቻ እልካለሁ።

ለጥምቀት ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ያኔ ቀበሌም አብረን ብቅ እንላለን። ለአክስቴ፣ ለእድርተኞቹ፣ ለአከራይሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ልጅሽ
ከአዲስ አበባ