ለአዲሱ ጌማችን 20 ዶላር የቆረጥንበት ምክንያት

ለውድ ደንበኞቻችን በሙሉ፣

ጉዳዩ፦ የአዲሱን ጌማችንን ዋጋ ስለማሳወቅ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። ስትጠይቁን የቆያችሁት ሁለተኛው የስትራቴጂ ጌማችን ለሽያጭ የሚቀርበው በ20 ዶላር ነው። የመጀመሪያው 15 ዶላር ስለነበር፣ ይህ የ5 ዶላር ጭማሪ ከምን እንደመጣ መጠየቃችሁ አይቀርም። ዋጋውን ማወቅ ብቻ የፈለገ እዚህ ላይ ቢያቆም አንቀየምም። ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ለሚፈልግ ግን እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት እንደደረስን እናስረዳለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት መጠይቅ ልከንላችሁ ነበር። "ስንት ትከፍላላችሁ?" ብለን ግን በደፈናው አልጠየቅንም። እንዲያ የተጠየቀ ገዢ ዝቅ አድርጎ ቢናገር አይፈረድበትም፤ ሻጭ ፊት ቆሞ በራሱ ላይ ዋጋ የሚያስወድድ ማን አለ? የተጠቀምነው የኔዘርላንዱ የኢኮኖሚ ባለሙያ ፒተር ቫን ዌስተንዶርፕ በ1976 ያስተዋወቀውን ዘዴ ነው። አራት ጥያቄዎች አሉት። ዋጋው ስንት ሲደርስ ጨርሶ ትተዉታላችሁ? ስንት ሲሆን ውድ ቢሆንም ታስቡበታላችሁ? ስንት ሲሆን በደንብ ያዋጣል ትላላችሁ? ስንት ድረስ ሲወርድስ ጥራቱን ትጠራጠራላችሁ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ሰው ታስገርማለች። "ርካሽ ሆነ ብሎ የሚሸሽ አለ እንዴ?" ያላችሁን ነበራችሁ። አለ። ከ5 ዶላር በታች ቢሆን ሳይጨርሱት የለቀቁት ይመስለኛል ብሎ የጻፈ ደንበኛ ነበር፤ ሌላዋ ደግሞ በዚያ ዋጋ ከገባሁ በኋላ ውስጡ ሌላ ክፍያ የሚጠብቀኝ ይመስለኛል ብላናለች። በስልክ ጌሞች የተማረረ ሰው እንዲህ ቢያስብ እውነት አለው።

እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ጌም ተጫውተው የጨረሱ ሰዎች "ውድ ነው" የሚሉበት ጣሪያ፣ ስማችንን ሰምተው ከማያውቁት በግልጽ ከፍ ያለ ሆኖ አገኘነው። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ቪዲዮ፣ ያነበቡት ያንኑ መግለጫ ነው። የመጀመሪያዎቹ ለአዲሱ ጌም የሰጡት ዋጋ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አሮጌው ያቆየላቸውን እምነት ነው የተመኑት። ይህ ደስ ያሰኘንን ያህል አስፈርቶናል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ እምነት አንዴ ከተበላ ሁለተኛ አይገኝም።

መጠይቅ ላይ የተጻፈና ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ እንደሚለያዩ ደግሞ ከእኛ በፊት ሌሎች አይተውታል። በ2009 የ"ወርልድ ኦፍ ጉ" አዘጋጆች ጌማቸው አንድ ዓመት ሲሞላው ገዢው የፈለገውን ከፍሎ እንዲወስድ ፈቀዱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ 57 ሺህ ሰው ገዛ፤ አማካዩ 2 ዶላር ገደማ ነበር። ከሁሉም በላይ በብዛት የተከፈለው ዋጋ አንድ ሳንቲም ነው። የአንድ ሳንቲሟን ክፍያ ደግሞ የክፍያ አቀናባሪው ድርጅት ስለሚወስዳት ለሠሪዎቹ ምንም አልደረሳቸውም። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ "ተጫዋች መክፈል አይወድም" ብሎ መደምደም ይቻል ነበር።

ከወራት በኋላ፣ በግንቦት 2010፣ ያው ጌም ከሌሎች ጥቂት ጌሞች ጋር ተጠቅልሎ "ሀምብል ኢንዲ ባንድል" በሚል ስም ወጣ። አሁንም የፈለጉትን መክፈል ነው፤ አንድ ሳንቲምም ይበቃል። አማካዩ ግን ከ9 ዶላር በላይ ሆነ፤ ጠቅላላው ገቢ 1.2 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ጌሞቹ ብዙ መሆናቸው አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ገዢው ገንዘቡን ለሠሪዎቹና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስንት ስንት እንደሚያካፍል ራሱ ይወስን ነበር፤ የሊኑክስ፣ የማክና የዊንዶውስ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች በአማካይ ስንት እንደከፈሉም ለሁሉም ይታይ ነበር። የሊኑክሶቹ ከሁሉም በልጠው ከፈሉ። በጌም ሠሪዎች የተረሱ ሰዎች ስለነበሩ ይመስለናል፤ ለእነሱ የሚሆን ጌም የሚሠራላቸው ሲያገኙ እጃቸው ተፈታ። ደግሞም አዘጋጆቹ እንደገመቱት፣ አንድ ሳንቲም በቂ ሆኖ ሳለ ከወረዱት ኮፒዎች ሩብ ያህሉ ምንም ሳይከፈልባቸው ነው የወረዱት። ሳይከፍሉ ከሚያወርዱት ጋር ዋጋ በመቀነስ መታገል ትርፉ ድካም ነው፤ እኛም አንሞክረውም።

አሁን ወደ ሰዓት ጉዳይ እንምጣ። "15 ዶላር ከፍዬ 40 ሰዓት ተጫወትኩ፣ አዲሱ ስንት ሰዓት ነው?" የሚል ደብዳቤ በብዛት ይደርሰናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰው ገንዘቡን በምን ይለካ? አዲሱ ጌም ከመጀመሪያው ረዘም ይላል፣ ዘመቻዎቹም (የጌሙ ትልልቅ ምዕራፎች) በዝተዋል። ዋጋውን ግን በሰዓት አልተመንነውም፣ ልንተምነውም አንፈልግም። ዋጋ በሰዓት መለካት የጀመረ ስቱዲዮ ሰዓት ማምረት ይጀምራል፦ ተጫዋቹን ከካርታው ጫፍ ወደ ጫፍ በእግሩ ያስኬደዋል፣ ያንኑ ጠላት ቀለም ቀይሮ ይመልስበታል፣ አንድ በር ለመክፈት አሥር ቁልፍ ያስለቅመዋል። ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባለፈው ጌም ላይ ከሙከራ ተጫዋቾች አንዱ ሦስተኛውን ዘመቻ ሲጫወት ከጀርባው ሆነን አይተነው ነበር፤ እህል ወደ ምሽጉ የሚጓዝበትን ረጅም መንገድ ሲያይ ስልኩን አወጣ። መንገዱን አሳጠርነው። ጌሙ አጠረ፣ ተሻለም። ሰዓት እየቆጠርን ብንሸጥ ኖሮ ያቺን መንገድ አንነካትም ነበር።

"ትልልቆቹ እንኳ ያን ያህል አይጨምሩም" የምትሉም አላችሁ። ጨምረዋል፤ አዝግመው ነው እንጂ። የትልልቅ ጌሞች መደበኛ ዋጋ በ2005 እና በ2006 ከ50 ወደ 60 ዶላር አለ፣ በ2020 ወደ 70 መውጣት ጀመረ፣ በ2025 ኔንቲንዶ "ማሪዮ ካርት ወርልድ"ን በ80 ዶላር አወጣ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት "ዘ አውተር ወርልድስ 2"ን 80 ዶላር ብሎ አስታውቆ፣ ጩኸቱ ሲበዛ ወደ 70 መለሰው። የ2005ቱ 60 ዶላር በዋጋ ንረት ሲሰላ ግን ዛሬ ወደ 100 ዶላር ይጠጋል። በዚህ ዓይን ሲታይ ጌም ረክሷል። ይህን ስሌት ለተጫዋች መንገር ግን ብዙም አያስኬድም፤ ደመወዙ ከዋጋ ንረቱ ጋር እኩል ያልሄደ ሰው "በእውነቱ እኮ ረክሷል" ሲባል ቢናደድ ትክክል ነው። ትልልቆቹ የዋጋውን ቁጥር ብዙም ሳያንቀሳቅሱ የቆዩት የገዢው ብዛት ስለጨመረ፣ ካርትሪጅና ዲስክ በዳውንሎድ ስለተተካ፣ በጌሙ ውስጥም ተጨማሪ ነገሮችን ስለሚሸጡ ነው። የመጨረሻውን እኛ አናደርገውም።

እኛን ይበልጥ የሚነካን የትልልቆቹ ሳይሆን የአቻዎቻችን ዋጋ ነው። "ሆሎ ናይት፦ ሲልክሶንግ" በመስከረም 2025 በ20 ዶላር ሲወጣ ተጫዋቾች ተደሰቱ፤ እኛም ገዝተን ተጫወትነው። ብዙ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ግን "ያ በ20 ከተሸጠ የናንተ ለምን?" የሚለው ጥያቄ እንደሚከተላቸው ያውቁታል። የዚያ ጌም ሠሪዎች የቀደመ ሥራቸው ከ15 ሚሊዮን ኮፒ በላይ የተሸጠላቸው ናቸው። የእኛ ሽያጭ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቢሆንም ገዢው ፊት ሁለቱ ጌሞች ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት፤ ከ20 በላይ ለመጠየቅ ያልደፈርነው በአብዛኛው በዚህ ነው። ወጪያችንን ብቻ ብንከተል 25 ብለን ነበር።

20 ዶላሩ የት እንደሚሄድም እንንገራችሁ። ታክሱ ከዋጋው ውስጥ ያለበትን፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 20 በመቶ የሆነበትን አገር እንውሰድ። ከ20 ዶላሩ ታክስ ሲነሳ 16.67 ይቀራል። ጌሙን የምንሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ስቲም የሚወስደው 30 በመቶ 5 ዶላር ነው፤ ለእኛ 11.67 ይደርሰናል። ስቲም ድርሻውን ወደ 25 በመቶ የሚያወርደው የአንድ ጌም ሽያጭ 10 ሚሊዮን ዶላር ካለፈ በኋላ፣ ወደ 20 በመቶ ደግሞ 50 ሚሊዮን ካለፈ በኋላ ነው፤ ማለትም ቅናሹ የሚደርሰው ብዙም ለማያስፈልገው ነው። ከ11.67ቱ ላይ የትርጉም፣ የሙዚቃ፣ የሙከራና የሰርቨር ወጪ፣ ከዚያም የእኛው ደመወዝ ይነሳል። ያው ጌም በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ የሚደርሰን 5.83 ነው።

ስለ ቅናሽ የምንለው አለን። ቅናሽ እንደሚሠራ ጥርጥር የለውም። የስቲም ባለቤት የሆነው የቫልቭ መሪ ጌብ ኒዌል በ2011 እንደተናገረው፣ የአንድ ጌም ዋጋ በዝምታ ከፍና ዝቅ ሲደረግ ጠቅላላ ገቢው ሳይለወጥ ይቆያል፤ የሚሸጠው ብዛት ብቻ ነው የሚለዋወጠው። ቅናሹ በይፋ ሲታወጅ ግን ገቢው 40 እጥፍ ዘለለ። ሰው የሚገዛው ዋጋው ስለወረደ ብቻ አይደለም፤ ዕድሉ እንዳያመልጠው ነው የሚሮጠው። እኛም ይህን አውቀን አንጠቀምበትም አንልም። የሚከነክነን በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ በወሩ ጌሙ በግማሽ ሲሸጥ የሚያይ ደንበኛ ነው። ቀድሞ ያመነን እሱ ነው፤ የተቀጣውም እሱ ይሆናል። ሁለተኛ ጊዜ አይቸኩልም፣ ይጠብቃል፤ ሁሉም መጠበቅ ሲለምድ ሙሉ ዋጋ የሚባለው ነገር የወረቀት ዋጋ ሆኖ ይቀራል።

የ"ፋክቶሪዮ" ሠሪዎች ይህን ፈርተው ጌማቸውን ከነጭራሹ በቅናሽ አይሸጡም፤ እንዲያውም ዋጋውን በ2018 ወደ 30፣ በ2023 ወደ 35 ዶላር ከፍ አድርገዋል። እናደንቃቸዋለን፤ እኛ ግን ያን ያህል አንደፍርም፣ አቅሙ ያጠረውን ተጫዋችም ለዘለዓለም በር መዝጋት አንፈልግም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጌም ላላቸው ከምንሰጠው ቅናሽ በቀር፣ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ምንም ቅናሽ አይኖርም። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ይኖራል፤ ቀኑንና መጠኑን ከአንድ ወር በፊት በዚሁ ኢሜይል እናሳውቃችኋለን። መጠበቅ የሚችል አውቆ ይጠብቅ።

በአንዳንድ አገሮች ዋጋው ከ20 ዶላር ያነሰ ሆኖ ታዩታላችሁ። የሰው ገቢ ከአገር አገር ስለሚለያይ ነው፤ በአንዱ ቦታ የምሳ ገንዘብ የሆነው በሌላው የሳምንት ወጪ ሊሆን ይችላል። መነሻ ያደረግነው ስቲም በየመገበያያ ገንዘቡ የሚያቀርበውን የዋጋ ጥቆማ ነው፤ በጥቂት ቦታዎች ከጥቆማው ዝቅ ብለናል።

"ጌሙን በነፃ ለቃችሁ ለምን ውስጡ አትሸጡም?" ላላችሁን ባጭሩ፦ የዚህ አሠራር ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው አብዝተው ከሚከፍሉ ጥቂት ሰዎች ነው፤ ጌሙም ቀስ በቀስ ለእነሱ ኪስ መሠራት ይጀምራል። ቤልጅየም በ2018 ውስጣቸው ምን እንዳለ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሳጥኖችን እንደ ቁማር ቆጥራ የከለከለቻቸው በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያው ጌም ያላችሁ አዲሱን በ16 ዶላር ታገኙታላችሁ፤ ቅናሹ በስቲም መለያችሁ ላይ ራሱ ይታያል፣ ኮድ ማስገባት አያስፈልግም። ገዝታችሁ ካልወደዳችሁት፣ ከገዛችሁ 14 ቀን ካላለፈና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ስቲም ገንዘባችሁን ይመልሳል፤ ይህን ስታደርጉ እኛን ይቅርታ መጠየቅ አይጠበቅባችሁም፣ የሚጠይቁን ስላሉ ነው። ያልወሰናችሁ ደግሞ ነፃውን ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) ሞክሩት። የመጀመሪያውን ዘመቻ ሙሉ ይዟል፤ የደረሳችሁበትም ወደ ሙሉው ጌም ይሸጋገራል። ስለ ዋጋው ጥያቄ ያላችሁ ለዚሁ ኢሜይል መልስ ስጡ፤ የሚያነበው ከእኛው አንዱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የስቱዲዮው ባልደረቦች